ሳትጨርሺው እደውላለሁ

ሐምሌ 5፣ አቦ

ጥሩሸዋ ዛሬም ከአልጋዋ አልወረደችም። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፤ እኔ ግን ምች እንዲህ ሲያስለቅስ አይቼ አላውቅም። አጥሚት ይዤላት ብገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔና እሷ እኮ አንድ ግድግዳ ተካፍለን ያረጀን ነን፤ እሷ እዚያ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ «ይማርሽ» እላታለሁ። ልጇ ወዳጆ ባለፈው ሳምንት ከጅቡቲ ደውሎላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የተኛችው።

«ደኅና ነው ወይ?» አልኳት።

«ደኅና ነው።»

«የኔውስ? አብረው አይደሉም?»

«ተለያይተናል ነው የሚለው» አለችና ባናውን እስከ ግንባሯ ሳበችው።

አብረው ነው የወጡት፣ የኔው ቴዎፍሎስና የሷው ወዳጆ፣ ከዳግም ትንሣኤ ማግስት። ባሕሩን ተሻግረው ሳዑዲ ሊገቡ። ልጄ ሱቁን ለኔ ትቶልኝ ሄደ፤ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ለገበያተኛው ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። እዚህ ቀየት ከተማ ውስጥ የኔን ያህል ዘፈን የምታውቅ ባልቴት የለችም።

ደግሞ የሱ ዜማዎች አሉ። ዛሬ ሦስት ጨረስኩ። ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ ለወንድሟ ያመጣችው በእጅ የሚያዝ ጌም ተበላሽቶ እሱ ዘንድ ወድቆ ነበር። ጠገነው። መጠገኑ አልበቃው ብሎ በዕቃው ሆድ ካሉት ጌሞች ሁሉ ዜማዎቹን አውጥቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ደረደራቸው። ቃል የላቸው፣ ዘፋኝ የላቸው፣ ጢን ጢን የሚሉ ናቸው። ክፋታቸው፣ ማለቂያ የላቸውም። ተጫዋቹ ከቦታው እስኪያልፍ ድረስ እየዞሩ እንዲጮኹ ነው የተሠሩት። ስለዚህ ለያንዳንዷ ስም መስጠት፣ ከየትኛው ጌም እንደመጣች መጻፍ፣ ከዚያ ጆሮ ሰጥቶ ወደ መጀመሪያዋ የምትመለስበትን ቦታ መያዝ። ሁለት ዙር ትዙር፣ ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ይጥፋ ብሎ ርዝመቷን መጻፍ። ይህ ካልተጻፈ ማጫወቻው የመጀመሪያዋን እንደያዘ ምጽአት ይደርሳል እንጂ ወደ ሁለተኛዋ አያልፍም።

መኪናው ሊነሣ ሲል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እማዬ፣ የቀሩትን አንቺ ጨርሽልኝ። ስመለስ ሱቁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ በተራ እናስጮኻቸዋለን» አለኝ።

«አንተ ብቻ ደርሰህ ደውልልኝ» ስለው፣

«ሳትጨርሺው እደውላለሁ» አለ።

እንግዲህ ቶሎ ቶሎ እየሠራሁ ነው። የስልኩ ጥሪ ያደረጋትን ግን ለመጨረሻ አስቀምጫታለሁ። ተጫዋቹ ደክሞት እሳት ዳር አረፍ ሲል የምትመጣ ናት።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

በረዶ ወረደ። መብራት የለም። ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋብኝ አንዲት ብቻ ጨረስኩ፤ «ቁልቁለት በበቅሎ» አልኳት፣ ኮቴ ኮቴ ስለምትል። ስሙን እንደመሰለሽ ስጪ ብሎኛል።

ደወልኩለት። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም።» ይቺ ሴትዮ መቼም አይሰለቻት።

ሐምሌ 12፣ ሚካኤል

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ለጎረቤታችን ለትርሲት የወንድሟን መርዶ ነገርናት። ከሰኔ መባቻ ጀምሮ ይዘነው ነበር፤ የበልግ ገብሷ ይግባ፣ ዘመዶቿ ከጊሼ ይድረሱ ሲባል። ትናንት እንኳ እኔ ራሴ ቤቷ ገብቼ ጠላ ጠጥቼ፣ ስለ ዶሮዋ ስቄ ወጥቻለሁ። ከሁሉ ሰው እኔን ነው የሚልኩኝ፤ ፊቴ አያሳብቅም ይላሉ።

አባ ኃይለ ኢየሱስ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ደጃፍ ላይ ስንደርስ ማንም አያስልም፣ ማንም ዘንግ አያንኳኳም። አባ በክርስትና ስሟ ጠሯት። እንዲያ በጨለማ በክርስትና ስም የተጠራ ሰው በሩን ሳይከፍት ያውቃል።

ልቅሶው በረድ ሲል ትርሲት ዞር ብላ «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች። ያየችው እኔን ነው።

ምን ይደረግ፣ ያለጊዜው የተነገረ መርዶ ሰው ይገድላል። ግን ደግሞ እንዴት ሳትጠረጥር? ሰፈሩ በሙሉ ባንዴ ደግ ሲሆንባት? እኔ ብሆን ባንድ ቀን ነበር የማውቅ።

ጥሩሸዋ አሁንም ተኝታለች። ትናንት ማታ በግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ሰማኋት፤ የሚሰማት ሲመስላት አፏን በባና ታፍናለች።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ወንድሜ አባይነህ ከራቤል መጣ። በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ጉም!

«ምን እግር ጣለህ?» አልኩት።

«እህቴን ለማየት ምክንያት ያስፈልገኛል?»

ለጥምቀት እንኳ ተለምኖ ነው የሚመጣ። ሙክት ነድቶ መጥቷል፤ «ይቀመጥ፣ አሁን አይታረድም» አለ። የሚያፈሰውን ጣራዬን ደፈነልኝ። ከዚያ ግቢው መሀል ቆሞ ዙሪያውን በዓይኑ ይለካል።

«አማከለች፣ ይህ ግቢ ድንኳን ያስተክላል?»

«ያስተክላል እንጂ! ለቴዎፍሎስ ሠርግ ነዋ!»

አልሳቀም። ድሮም ቀልድ አይገባውም።

ቤት ገብቶ ተቀምጦ ሥራዬን አየ። «ጉም ሲነሣ»ን አሰማሁት፣ «ዋሻ»ን አሰማሁት። «ይሄን ብቻሽን ነው የምትሰሚ?» አለኝ። ያጫውተኛል አልኩት። ቀጥላ አንዲት አጭር አለች፤ እሷ ላይ ብዙ ሥራ የለኝም፤ ከሁሉም እሷ ብቻ አትዞርም፣ ራሷ ታልቃለች።

«ይቺ ምንድናት?»

«ተጫዋቹ ሲሞት የምትመጣ ናት።»

ብድግ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ጢሱ ነው» አለ። እሳት አላነደድኩም ነበር።

ሐምሌ 27፣ መድኃኔዓለም

ገበያ። ሩጫ። ሰው ምን ነካው? ዋጋ የሚከራከረኝ ጠፋ። ሁሉ ስልኩን አስቀምጦ መሬት መሬት እያየ ይሄዳል። አንዷ «በርቺ» አለችኝ። በምኑ ነው የምበረታው?

ከገብስ ነጋዴዎቹ ኋላ ሁለት ሴቶች፦

«እስከ መቼ ነው እንግዲህ?»

«ፍልሰታ ይለፍ ብለዋል አባ።»

እኔ ስመጣ ስለ ጨው ማውራት ጀመሩ። የማን ሠርግ ይሆን፣ በክረምት?

ስልኩ ዝግ ነው።

ነሐሴ 3፣ በአታ

ቅዳሴ አስቀድሼ ስወጣ አባ ኃይለ ኢየሱስ ጠሩኝ። ጃንጥላቸውን በኔ ላይ ዘርግተው እሳቸው ይዘንብባቸዋል።

«የቴዎፍሎስ የክርስትና ስሙ ገብረ ክርስቶስ ነበር፣ አይደል ልጄ?»

«ነው እንጂ አባ! ምን ነበር ይላሉ?»

«ነው፣ ነው። እርጅና ነው እኔን።»

ለምን እንደፈለጉት ብጠይቃቸው ለጸሎት ነው አሉ። እግዜር ይስጣቸው፤ በሰው አገር ላለ ልጅ ጸሎት ነው ስንቁ። እቤት ስደርስ ግን ያቺ «ነበር» ጥርሴ ውስጥ እንደገባች ጥሬ አልወጣልሽ አለችኝ። አባ ዳዊትን ከነመዝሙሩ በቃላቸው የሚሉ ሰው ናቸው። በምን ቀን ነው ያረጁት?

ነሐሴ 9

የቀሩኝ ጥቂት ናቸው። ልጻፈው፣ የሚያየኝ የለም፤ ትናንት የጨረስኳቸውን ዛሬ መልሼ ከፈትኳቸው። «ሱቅ» የምትለዋ ርዝመቷ ልክ አይደለም ብዬ አጠፋሁት፤ ከዚያ አድምጬ ያንኑ መልሼ ጻፍኩ። «ዋሻ»ንም እንዲሁ። የሚሳሳበትን አስረዘምኩት፣ ከዚያ አሳጠርኩት።

ሳትጨርሺው እደውላለሁ ነው ያለኝ። ካልጨረስኩ ቃሉ አልፈረሰም ማለት ነው። ሞኝነት ነው አውቃለሁ፤ አዋቂ ሴት ነኝ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ።

በሶውን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ከሰው ሁሉ ቀድሜ። እናት በሶ አልፈጭም ብትል ልጅ ይቀር ነበር? ጥሩሸዋ እንኳ በር ላይ ተኝታ «ረግጠኸኝ ሂድ» ብላዋለች ወዳጆን። እኔ ማርም ጨመርኩበት፤ መንገድ ላይ እንዳይከብደው ብዬ ደግሞ ቅሉን በላስቲክ ለወጥኩለት። ጎበዝ እናት!

ነሐሴ 14

ወዲያው ልጻፈው። በቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሕልም አይደለም።

ጉም ከጓሳ ወርዶ ደጁን ሸፍኖታል፤ የራሴ አጥር አይታየኝም። ሱቁን ዘግቼ ገብቼ እንደ ልማዴ ደወልኩለት። ያቺን ሴትዮ እየጠበቅሁ ነበር።

ጠራ።

ስልኩ ጠራ! እልል ልል አፌን ስከፍት፣ በግድግዳው ማዶ ዜማዋ ተነሣች። የሱ ጥሪ። እሳት ዳር የምታርፈዋ። ከጥሩሸዋ ቤት፣ አልጋዋ ካለበት በኩል። እዚህ በጆሮዬ ይጠራል፣ እዚያ ትዘፍናለች። እሱ ከሄደ ወዲህ በአየር ላይ ሰምቻት አላውቅም።

ስልኬን ዘጋሁ። ዜማዋም ቆመች።

ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አኖርኩ። አንድ ሰው ይተነፍሳል። ጥሩሸዋ አይደለችም፤ የሷን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። መልሼ ደወልኩ፤ «ማግኘት አይቻልም።»

በሯ ሄጄ አንኳኳሁ። ከውስጥ ቀርቅራለች። «ራሴን አሞኛል፣ ነገ ነዪ» አለች።

«ምንድነው የሚጮኸው?»

«ሬዲዮ ነው፣ እህቴ። ሬዲዮ።»

ሬዲዮ የላትም። ደፉ ላይ የወንድ ሸራ ጫማ አለ።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ቴዎፍሎስ ሳይሄድ ያቺን ዜማ በሷም ስልክ ላይ ጭኖላት ይሆናል። ሰውም ያን ሰዓት ደውሎላት ይሆናል። ኔትወርክ በጉም ቀን ይዘባርቃል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ምንም ሊሆን አይችልም።

ነሐሴ 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ጾሙ ተፈታ። ጥሩሸዋ ተነሥታለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተነሥታ ግን ምን ትሠራለች፤ ጋን ሙሉ ጠላ ጠምቃለች፤ ሴቶቹ ግቢዋ ውስጥ ቆሎ ይቆላሉ፣ ሽሮ ያዘጋጃሉ።

«ለማነው ይሄ ሁሉ?»

«ዝክር አለብኝ።»

«እኔን ሳትጠሪ? በይ ወንፊቱን ወዲህ በዪ።»

ከእጄ ወሰደችው። «አንቺ ዛሬ አትሠሪም» አለች። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን አቆሙ። ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት።

አባይነህ ከራቤል ዘመዶቻችንን ይዞ ነገ ይገባል አሉ። የነገረኝ እሱ አይደለም።

ነሐሴ 17፣ ማታ

አንዲት ቀረች። እሷው።

ስንቴ አዳመጥኳት፤ የምትመለስበት ቦታ አይገኝም። ሌሎቹን በሁለት ዙር እይዛቸዋለሁ፤ ዘወር የሚሉበት ልክ እንደ ገደል አፋፍ ይታወቀኛል። ይቺ ልትመለስ ትልና አንድ ድምፅ ትጨምራለች። ያቺን ይዤ ስጠብቃት ደግሞ ትቀንሳለች። ስልኩ ላይ ጥቂቷን ብቻ ነበር የማውቀው። እሳት ዳር ቁጭ ብሎ የማይነሣ ሰው የሚያንጎራጉረው ይመስላል።

በግድግዳው ማዶ ብዙ ሰው አለ። አይነጋገሩም። ብዙ ሰው ሳይነጋገር ሲቀመጥ እንዴት እንዳለ አውቃለሁ፤ ስንቴ ተቀምጬበታለሁ።

ለዛሬ እዚህ ላይ ልተወው። ነገ በግምት አንድ ርዝመት እሰጣታለሁ።

ነሐሴ 24፣ ተክለ ሃይማኖት

ሰው ከግቢው ሲቀልልኝ ነው ይህን የምጽፈው። ድንኳኑ ተነቅሏል። ግቢው ያስተክላል ብዬ አልነበር፤ አስተከለ።

የነሐሴ 17ን ሌሊት አልተኛሁም ነበር። ሊነጋጋ ሲል ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ፤ ርዝመቷን ልጽፍ ጣቴን ሳነሣ ስልኬ ጮኸ። «ቴዎፍሎስ» ይላል። አነሣሁት። ድምፅ የለም። ውኃ አለ፤ ብዙ ውኃ። ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚደውለው ብዬ አሰብኩ። «ልጄ፣ ተጠለል» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩ፤ ስንት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። ውኃው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ዝም አለ።

ስልኩን ሳላስቀምጥ ከደጅ፦

«ወለተ ኢየሱስ።»

በሩን ሳልከፍት ያወቅሁት እንዲያ ነው። አንድም ሰው አላሳለም።

አባ ገቡ፣ አባይነህ ገባ፣ ዘመዶቹ ገቡ፣ ጥሩሸዋ ገባች። ከኋላቸው ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ወዳጆ። ሁሉም ጋቢያቸው ደረቅ ነበር። ዝናብ አልነበረም።

አባ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» አሉ። አባይነህ «እኔን ልጄን፣ እኔን» ይላል ደረቱን እየመታ። ጥሩሸዋ እግሬ ላይ ወድቃ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ አትንገሯት ያልኩ፤ ዘመድ ሳይኖራት አትስማ ብዬ» አለች። አነሣኋት። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርግ፤ አድርጌውም አውቃለሁ።

ወዳጆ በሦስተኛው ቀን ነው የተናገረው፣ ሰው ሳሳ ሲል። ቴዎፍሎስ በፊተኛው ጀልባ ገባ፣ እሱ ለኋለኛው ቀረ። «ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። ውኃ ይነካዋል፣ አንተ ያዝልኝ፣ ማዶ ትሰጠኛለህ አለ።» ጀልባው ተገለበጠ። የኋለኛው ሳይነሣ ቀረ፤ ወዳጆም ተመለሰ። ስልኩን በመሀረብ ጠቅልሎ ይዞት ነበር፤ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ። ባትሪው ጨርሷል።

«በጉሙ ቀን የጠራው ይሄ ነው?» አልኩት።

«አዎ እትዬ። ለልቅሶው ፎቶውን ላወጣ ከፈትኩት፤ ወዲያው እርስዎ ደወሉ። ስክሪኑ ላይ ‹እማዬ› ነው የሚል። ዘጋሁት።»

«የመርዶው ለታ ጠዋት ደግሞ፣ በር ላይ ቆመህ ስትደውልልኝ ለምን አልተናገርክም?»

እናቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። «አልደወልኩም፣ እትዬ። ከጉሙ ቀን ወዲህ አልከፈትኩትም። ሲሙንም አውጥቼዋለሁ» ብሎ መሀረቡን ገለጠ። ሲም ካርዷ ከስልኩ ጎን ተቀምጣለች።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም። ለማንም አልነገርኩም፤ አባይነህ ቢሰማ ጠበል ውሰዷት ይላል።

ዛሬ ማታ ትርሲት ብቻዋን መጣች። ሐምሌ ያለቀሰችበትን ጥቁር ልብስ ገና አላወለቀችም። ጎኔ ተቀመጠች። «ስቀሽብኝ ነበር» ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላመጣችውም። ስለዚህ ለሷ ነገርኳት፤ ስለ ጥሪው፣ ስለ ውኃው፣ ሳትጨርሺው እደውላለሁ ስላለኝ። አላማተበችም። ኮምፒዩተሩ ክፍት ነው፤ የመጨረሻዋ ያለ ርዝመት ተቀምጣለች። ትርሲት ባዶውን ቦታ ብዙ ስታየው ቆየችና፣

«ደወለልሽ አይደል?» አለችኝ። «በይ እንግዲህ ጨርሺለት።»